ኳሱ ከመወርወሩ በፊት እወቅ፦ ለወጣቱ የኋላ ተከላካይ አሥር ምክሮች

ልጄ፣

በካናዳ ፉትቦል የኋላ ተከላካይ ሆኜ በሙያ ደረጃ መጫወት እፈልጋለሁ ብለሃል። ወላጆችህ ይህን ጨዋታ አገር ቤት ሳሉ አላዩትም፤ ለእነሱ ኳስ በእግር የሚመታ ነገር ነው። ስለዚህ ፍርሃታቸውን እረዳለሁ፤ ሕልምህንም አልነቅፍም። እኔ በዚህ አገር የሸመገልሁ፣ ጨዋታውንም ለረጅም ጊዜ በፍቅር የተከታተልሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

አሥር ቦታ ከፍዬ ብነግርህም ፍሬው አንድ ነው። ኳስ ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ ተከላካዩ አያውቅም። ያም ሆኖ ወደ ኋላ እየሮጠ ከእሱ እኩል መድረስ አለበት። ይህን ልዩነት የሚያጠብበው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ማወቅ ነው። ውል ስትፈርም፣ ስትጎዳ፣ ከጨዋታ ስትሰናበትም ሕጉ ይኸው ነው። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉትን በዚህ ሙያ ውስጥ በየሳምንቱ ታየዋለህ።

1. ሜዳውን ጠንቅቀህ እወቅ።

በቴሌቪዥን የምታየው የአሜሪካው ጨዋታ አያታልልህ። የአሜሪካው ሜዳ ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ ሲሆን የካናዳው 110 ያርድ ነው፤ ስፋቱም 65 ያርድ ሆኖ ከአሜሪካው በ11 ያርድ ከግማሽ ያህል ይበልጣል። በእያንዳንዱ ወገን 12 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት ያለው ሙከራ ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በእግር መትቶ ለማራቅ ይውላል። ሁለት ሙከራ ብቻ የቀረው ቡድን ደግሞ መወርወር ያዘወትራል። ስለዚህ ያንተ ቀን ሥራ የበዛበት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነው። በካናዳ ደንብ ተቀባዮቹ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ወደ መስመሩ እየሮጡ መምጣት ይችላሉ። አንተ ገና እግርህን ሳታነሳ እሱ በሙሉ ፍጥነት ይመጣብሃል። ከአሜሪካ የመጡ ጥሩ ጥሩ ተከላካዮች መጀመሪያ ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ እዚህ ከተለማመድህ ግን ይህ ጥቅምህ ነው።

በሊጉ ሜዳ ኳሱ የሚነሳባቸው የውስጥ ምልክቶች ከየዳር መስመሩ 28 ያርድ ርቀው ይገኛሉ። ኳሱ በአንዱ ምልክት ላይ ሲቀመጥ በአንድ በኩል 28፣ በሌላው በኩል 37 ያርድ ይቀራል። በጠባቡ በኩል ከዳር የሚቆመውን ተከላካይ፣ ኮርነርባኩን፣ የዳር መስመሩ ያግዘዋል። በሰፊው በኩል ያለው ግን ያን ሁሉ ቦታ በእግሩ ይሸፍናል። ሁለቱ ሃፍባኮች ከውስጥ የሚነሱትን ፈጣን ተቀባዮች ይጠብቃሉ። ሴፍቲው ከሁሉም ኋላ ቆሞ የሌሎቹን ስህተት ያርማል። አምስቱንም ቦታ ተማር። አሠልጣኝ በየትኛውም ቦታ ሊያሰልፈው የሚችለውን ልጅ በቀላሉ አያሰናብትም።

የካናዳ ፉትቦል ሊግ በ2025 እንዳስታወቀው ከ2027 ጀምሮ የሜዳው ርዝመት ወደ 100 ያርድ፣ የግቡ ክልልም ከ20 ወደ 15 ያርድ ያጥራል፤ የግቡ ምሰሶዎችም ከፊት ተነሥተው ወደ ክልሉ ኋላ ጫፍ ይሄዳሉ። ምሰሶው ከመሐል ሲነሳ ግብ አፋፍ ላይ ለተቀባዮች አዲስ መንገድ ይከፈታል። አንተ የምትጫወተው በዚያ ሜዳ ነውና ከአሁኑ አስብበት።

2. እግርህንና ዓይንህን አሠልጥን።

ፍጥነት በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው፤ ወደ ኋላ መሮጥ ግን በልምምድ ይገኛል። ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ፣ ክብደትህን በእግርህ ጣቶች በኩል ይዘህ፣ ሳትቀና ወደ ኋላ መሄድን በየቀኑ ተለማመድ። ከዚያም ዳሌህን በአንድ እርምጃ አዙረህ ወደፊት መሮጥን ጨምር። በዚህች መዞሪያ ላይ አንድ እርምጃ ያባከነ ተከላካይ ተቀባዩን ከኋላ ሆኖ ያሳድደዋል።

ዓይንህን በተቀባዩ ዳሌ ላይ አድርግ። በራሱና በትከሻው ሊያታልልህ ይችላል፤ ዳሌው ግን ወደሚሄድበት ይዞራል። እጅህንም ግታ። ተቀባዩ ከመስመሩ 5 ያርድ ካለፈ በኋላ መግፋትና መያዝ ያስቀጣል። ዳኛው አላየኝም ብለህም አትመካ፤ ከ2014 ጀምሮ አሠልጣኞች ተቀባይን የማደናቀፍ ጥፋት በቪዲዮ እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። ንጹሕ ጨዋታ መማር ከዳኛ ዓይን መደበቅን ከመማር ይሻልሃል።

3. ተጋጣሚህን ከጨዋታው በፊት አጥናው።

የኋላ ተከላካዩ ሌስ ብራውን በ1984 በሃሚልተን ታይገር ካትስ ጀመረ። ከዚያ በዊኒፔግ፣ በኦታዋና በቢሲ ላየንስ እስከ 1994 ሲጫወት 87 ኳሶችን ከአየር ላይ ነጠቀ። በካናዳ ሊግ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ የአሜሪካው ሊግ ክብረ ወሰን እንኳ 81 ነው። ከሦስት ቡድኖች ጋር የሊጉን ዋንጫ ግሬይ ካፕን አነሣ፤ በ2002ም የካናዳ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ። በ1990 የዊኒፔግ ቡድን ውስጥ አብሮት የነበረው ሮድ ሂል ደግሞ በአንድ ጨዋታ 5 ኳሶችን ነጥቋል። ያ ቡድን በዚያው ዓመት ኤድመንተንን 50 ለ11 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ልጄ፣ 87 ኳስ በዕድል አይነጠቅም። ወርዋሪው ኳርተርባክ ልማድ አለው፤ ተቀባዩም ልማድ አለው። ተቃራኒው ቡድን ሁለተኛ ሙከራ ላይ ብዙ ያርድ ሲቀረው ወደ የትኛው ወገን ይወረውራል? ተቀባዩ አጭር መንገድ ሊሮጥ ሲል የት ይቆማል? ወርዋሪው ሦስት እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ኳሱ ቶሎ ይወጣል፤ አምስትና ሰባት ከሆነ ረጅም ነገር ታስቧል። ቪዲዮውን ስታይ ደብተር ያዝ፤ ያየኸውን ጻፍ፤ በጨዋታው ማግስት ልክ የሆነውንና የሳትኸውን አስተያይ። ስልክህ ላይ የምታየውን ድንቅ ድንቅ ቅንጭብ አትቁጠረው፤ ጥናት የሚሆንህ ሙሉው ጨዋታ ነው።

4. ተሸንፈህ ስትነሣ ልብህን አጽና።

የትኛውም የኋላ ተከላካይ ይሸነፋል። ሲሸነፍም በስታዲየሙ ሰው ሁሉ ፊት ነው። የመሐል ተከላካይ ሲሳሳት ከኋላው ሌላ ሰው አለ፤ አንተ ስትሳሳት ግን ከኋላህ ያለው የግቡ መስመር ነው። ያለፈውን ኳስ እያሰብህ ለሚቀጥለው ከቆምህ ሁለተኛ ጊዜ ትሸነፋለህ። በሜዳ ላይ እርሳው፤ ማታ በቪዲዮ ፊት አስታውሰው። ሁለቱን ሰዓቶች አታደበላልቅ።

ምስጋናም እስኪመጣ ታገሥ። የሊጉ ምርጥ የመከላከል ተጫዋች ሽልማት በ1974 ሲጀመር ለዓመታት የወሰዱት የፊትና የመሐል ተከላካዮች ነበሩ። ከኋላ ተከላካዮች የመጀመሪያው ተሸላሚ የዊኒፔጉ ጆቮን ጆንሰን ነው፤ ያም በ2011 ሆነ። በደንብ በሸፈንኸው ሰው ላይ ኳስ አይወረወርም፤ ኳስ ካልተወረወረ ደግሞ ስምህ አይጠራም። ሥራህን የሚያውቁ አሠልጣኞችህ ካዩት ይበቃል።

5. በቁመትህ ምክንያት ተስፋ አትቁረጥ።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ቀጫጮችና መካከለኛ ቁመት ያላቸው ናቸው። የኋላ ተከላካዩ ሪቺ ሆል ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ሆኖ በካልጋሪና በሳስካችዋን ከ1983 እስከ 1991 ተጫውቷል፤ በ1989 ከሳስካችዋን ጋር ግሬይ ካፕን አንሥቷል። ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት የመከላከል አሠልጣኝ ሆኖ በዊኒፔግ በ2019 እና በ2021 ሌሎች ዋንጫዎችን አገኘ። ባሮን ማይልስም ከ1 ሜትር ከ75 አይበልጥም። በሞንትሪያልና በቢሲ ሲጫወት 66 ኳሶችን ነጠቀ፤ በእግር የተመቱ 13 ኳሶችን በእጁ አግዶ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2018 የዝና አዳራሽ ገባ።

የባሮን ማይልስን ሁለተኛ ሥራ ልብ በል። በእግር የሚመታን ኳስ ለማገድ ቁመት አይጠይቅም፤ ሰዓቱን ማወቅና ፊትህን ሳትመልስ ራስህን መወርወር ይጠይቃል። ማንም የማይወደውን ሥራ የራሱ አደረገውና የማይተካ ሰው ሆነ። አንተም እንዲህ ያለ አንድ ሥራ ፈልግ።

6. ከልዩ ቡድን ለመጀመር አትፈር።

አዲስ ተጫዋች በመጀመሪያው ዓመት መደበኛ ተከላካይ መሆኑ ብርቅ ነው። መጀመሪያ የሚሰለፈው ኳስ በእግር ሲመታና ሲመለስ በሚገባው ልዩ ቡድን ውስጥ ነው። በካናዳ ደንብ የተመታውን ኳስ ከሚቀበለው ሰው፣ ኳሱን እስኪነካው ድረስ፣ 5 ያርድ ርቀህ መቆም አለብህ። ይህን ርቀት ሳይጥስ ኳሱ በተነካ ቅጽበት የሚደርስ ልጅ በቡድኑ ይቆያል፤ የሚጥሰው ቡድኑን ያስቀጣል።

ካናዳዊው ፖል ቤኔት ከዊልፍሪድ ሎሪየር ዩኒቨርሲቲ የወጣ የኋላ ተከላካይ ነበር። የተመታ ኳስ በመመለስም የተካነ ነበር። በ1983 ከዊኒፔግ፣ በ1985 ከሃሚልተን ጋር የዓመቱ ምርጥ ካናዳዊ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሸለመ። አንድ ተጫዋች ሁለት ሙያ ካለው ለአሠልጣኙ ሁለት ሰው ነው።

7. በደንቡ ፊት ማን እንደሆንህ እወቅ።

ይህን ከወላጆችህ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። ሊጉ በየጨዋታው የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ካናዳውያን በመጀመሪያ አሰላለፍ እንዲገቡ ያስገድዳል። በዚህ ደንብ ካናዳዊ ተብሎ የሚመዘገበው የመጀመሪያ ውሉን ሲፈርም የካናዳ ዜጋ የሆነ፣ ወይም 18 ዓመት ሳይሞላው በድምሩ 5 ዓመት በካናዳ የኖረ ነው። ስለዚህ በኤድመንተን ብትወለድም፣ በልጅነትህ ከአዲስ አበባ ወይም ከሦስተኛ አገር መጥተህ ቶሮንቶ ብታድግም በሩ ሊከፈትልህ ይችላል። የትምህርት ቤት ማስረጃህን፣ የመግቢያ ወረቀትህን፣ የዜግነት ሰነድህን በአንድ ቦታ አስቀምጥ። የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ለፍለጋ ጊዜ አይሰጥህም።

የተለመደው መንገድ ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ወደሚመርጡበት፣ በየፀደዩ ወደሚካሄደው የሊጉ ድራፍት ነው። ድራፍቱ 8 ዙር አለው። 27 የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ይጫወታሉ፤ ከ1965 ጀምሮም በቫኒየር ካፕ ይፎካከራሉ። የኬሎናው ልጅ ቴይለር ሎፍለር በ2015 ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ቫኒየር ካፕን አነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ዊኒፔግ መረጠውና በሊጉ ካሉ ዋነኛ ሴፍቲዎች አንዱ ሆነ። ሴፍቲ ቡድኖች ካናዳውያንን ሲያሰልፉበት የኖሩት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ተማረው።

የዩኒቨርሲቲው መንገድ ሌላም በረከት አለው። ድራፍቱ ስምህን ባይጠራ እንኳ ዲግሪህ በእጅህ ነው። ትምህርቱን ለኳሱ ሲል የሚያቋርጥ ልጅ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ለእናትህና ለአባትህ የምትሰጠው ከሁሉ የተሻለ መልስም ይኸው ዲግሪ ነው።

8. ውሉን ሳታነብ አትፈርም።

የካናዳ ሊግ ባለሙያ ሚሊየነር አይደለም። ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 70,000 የካናዳ ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህም ላይ ግብርና የወኪል ድርሻ ይቀነሳል። መደበኛው የውድድር ዘመን 18 ጨዋታዎች አሉት፤ በሰኔ ይጀምርና በኅዳር በግሬይ ካፕ ይዘጋል። ቀሪዎቹ ወራት ያንተ ናቸው፤ ብዙዎች ሌላ ሥራ ይሠሩባቸዋል። አብዛኛው ውልም ዋስትና የለውም። ሦስት ዓመት ፈርመህ በልምምድ ሰሞን ልትሰናበት ትችላለህ፤ የቀረው ዘመን ገንዘብም አይከፈልህም።

ጆናታን ሄፍኒ የሞንትሪያል የኋላ ተከላካይ ነበር። በ2015 በጨዋታ ላይ አንገቱን ተጎዳ፤ የክንዱም ነርቮች ተጎዱ። በዚያን ጊዜ ሊጉ ለተጎዳ ተጫዋች የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው ለ12 ወር ብቻ ነበር፤ የእሱ ጉዳት ግን ከዚያ በላይ ሕክምና ይፈልግ ነበር። ጉዳዩ በተጫዋቾች ዘንድ ብዙ አነጋገረ፤ በኋላ በተደረጉ የጋራ ስምምነቶች ጊዜው ረዘመ። ከዚህ ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ ብጎዳ ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼስ ይከፍላል ብለህ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። ሁለተኛ፣ የተጫዋቾች ማኅበርህን አክብር፤ በስብሰባው ተገኝ። ዛሬ የምታገኘው መብት ከአንተ በፊት የተጎዱ ሰዎች ያስገኙት ነው።

9. ራስህንና አንገትህን ጠብቅ።

ሰውን ይዘህ ስትጥል በትከሻህ ግባ፤ አንገትህን አቅና፤ ዓይንህ ወደፊት ይይ። ራሱን አጎንብሶ የሚገባ ልጅ የሚጥለውን ሰው አያይም፤ ራሱንም ለከባድ ጉዳት ያጋልጣል። ራስህን ተመትተህ ቢያዞርህ፣ ብርሃን ቢከብድህ፣ ቢያቅለሸልሽህ፣ ጨዋታው ስንት ለስንት እንደሆነ ቢጠፋህ ውጣ። አትደብቅ። በ2013 የ17 ዓመቷ የኦታዋ ልጅ ሮዋን ስትሪንገር በራግቢ ጨዋታ ደጋግማ ራሷን ተመትታ ሞተች። በ2018 የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በስሟ ሕግ አወጣ፤ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ወጣት ከጨዋታ እንዲወጣና ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይመለስ ይደነግጋል። ሕጉ ባንተ አካባቢ ባይኖር እንኳ አንተ ጠብቀው።

የኋላ ተከላካዩን ዴልቪን ብሮን ምሳሌ አድርገው የሚያነሡልህ ይኖራሉ። በ2006 በሉዊዚያና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በጨዋታ ላይ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። በዩኒቨርሲቲ ዘመኑ የመጫወት የሕክምና ፈቃድ አላገኘም። በ2013 ወደ ሃሚልተን መጣ፤ በካናዳ ሜዳ ራሱን አስመሰከረና በ2015 በአሜሪካው ሊግ የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ተሰላፊ ሆነ። ድንቅ ታሪክ ነው። ከእሱ ግን ትክክለኛውን ትምህርት ውሰድ፤ ለዓመታት የታገሠው ሰውነቱ እስኪድን ነው። ሕመሙን ደብቆ የሮጠ ልጅ በእሱ አይመካ።

10. ከጨዋታው በኋላ የምትሆነውን ሰው ዛሬ ጀምረው።

ጋርኒ ሄንሊ ከ1960 እስከ 1975 ለሃሚልተን ሲጫወት 59 ኳሶችን ነጠቀ። ተቀባይም ሆኖ ተሰልፎ በ1972 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያም አልበቃውም፤ ገና ተጫዋች ሳለ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ቡድን እያሠለጠነ በ1974 የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረገው። ጫማውን ሲሰቅል ሥራው ቀድሞ እየጠበቀው ነበር።

ኦርላንዶ ስታይናወርም በኦታዋ፣ በሃሚልተንና በቶሮንቶ የኋላ ተከላካይ ሆኖ 49 ኳሶችን ነጥቋል። ከዚያ ከታች ጀምሮ አሠልጣኝነትን ተማረ። በ2019 ሃሚልተንን በዋና አሠልጣኝነት በመራበት የመጀመሪያ ዓመት ቡድኑ 15 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ፤ እሱም የዓመቱ አሠልጣኝ ተባለ። በሴፍቲነት ዘመኑ የሁሉን ቦታ ማወቅ ስለነበረበት ለአሠልጣኝነት ሲዘጋጅ የቆየው ሳይታወቀው ነው።

የዚህ ሙያ ዕድሜ ለአብዛኛው ሰው አጭር ነው፤ የአንድ ሰሞን ጉዳት ወይም የአንድ አሠልጣኝ ሐሳብ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ከኳሱ ውጭ አንድ ነገር ተማር። ከደመወዝህ ከመጀመሪያው ወር ጀምረህ አስቀምጥ። ውድድር በሌለባቸው ወራት የሥራ ልምድ ያዝ። በሰፈርህ ያሉ ታናናሾችህን አሠልጥን፤ ሌላውን ስታስተምር የራስህን ስህተት ታያለህ።

ልጄ፣ አሁን የምጠይቅህ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርግ፦ ደብተር ገዝተህ የሚቀጥለውን ተጋጣሚህን ልማድ ጻፍ፤ ሰነዶችህን ሰብስበህ በአንድ ማኅደር አስቀምጥ፤ ከወላጆችህ ጋር ቁጭ ብለህ ልትማረው ስለምትፈልገው ትምህርት ተነጋገር። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው ሂድና ወደ ኋላ መሮጥህን ተለማመድ። የተዘጋጀ ልጅ ሊጉ ቢቀበለውም ባይቀበለውም ሰው ሆኖ ይወጣል። እግዚአብሔር ጉልበትህንና አእምሮህን ይጠብቅልህ።